አተንቦሮ የማን ስም ነው?

በሰሜን ተራሮች ገደል አፋፍ ላይ፣ ሣር በሚነጩ ጭላዳዎች መካከል ተቀምጠው በለሆሳስ የሚናገሩትን ነጭ ፀጉር እንግሊዛዊ በቴሌቪዥን ያየ ሰው ሰር ዴቪድ አተንቦሮን አይረሳቸውም። ታላቅ ወንድማቸው ሪቻርድ ደግሞ የጋንዲን ሕይወት በፊልም ሠርተው በ1983 ኦስካር የወሰዱት ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱ ወንድማማቾች ስሙን ከዳር እስከ ዳር ስላስተዋወቁት፣ አተንቦሮ በእንግሊዝ አገር እንደ ስሚዝ ወይም እንደ ጆንሰን በየመንገዱ የሚገኝ ስም ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚጠሩበት፣ ከአንድ ጠባብ አካባቢ የወጣ ስም ነው።

ጥቂት መሆኑ ነው ለምርመራ የሚያመቸው። የስሚዝን መነሻ ልፈልግ ብሎ የተነሳ ሰው ጭድ ውስጥ መርፌ ይፈልጋል፤ ብረት ቀጥቃጭ ያልነበረበት መንደር የለምና። አተንቦሮን የሚፈልግ ሰው ግን ቃሉን፣ ካርታውን እና የባለ ስሞቹን ዘረመል ይዞ ወደ አንድ ወንዝ ዳር ሊደርስ ይችላል።

በመጀመሪያ የቤተሰብ ስም የሚባለውን ነገር እናጥራ፤ እኛ ዘንድ የለምና። የአበበ ከበደ ልጅ ሰሎሞን አበበ ይባላል፤ የሰሎሞን ልጅ ዘንድ ስንደርስ ከበደ ከመታወቂያው ላይ ወጥቷል። የኛ ስም እንደ ወንዝ ውኃ ነው፤ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ያልፋል። እንግሊዛዊው ግን ከ600 እና 700 ዓመት በፊት ለኖረ አንድ ሰው የወጣለትን መጠሪያ እስከ ዛሬ ተሸክሞ ይዞራል።

ድሮ እነሱም እንደዚያ አልነበሩም። ከሰሜን ፈረንሳይ የተነሱት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት አብዛኛው ሰው የሚጠራው በአንድ ስም ብቻ ነበር። ከወረራው በኋላ ዊልያም፣ ሮበርት፣ ሪቻርድ እና ጆን የሚባሉት ጥቂት ስሞች አገሩን አጥለቀለቁት። በአንድ መንደር አምስት ጆን ሲኖር መለያ ማውጣት ግድ ነው፦ ቀጥቃጩ ጆን፣ የሪቻርድ ልጅ ጆን፣ አጭሩ ጆን፣ ከእንትን መንደር የመጣው ጆን። መለያው መጀመሪያ ላይ የሰውየው ብቻ ነበር። የቀጥቃጩ ልጅ ዳቦ ጋጋሪ ከሆነ መጠሪያው ጋጋሪው ይሆናል፤ አባቱ ሲሞት ቅጽሉም አብሮት ይቀበራል። ነገር ግን መሬት በውርስ ሲተላለፍ፣ ግብርም በጽሑፍ ሲሰበሰብ፣ ልጁ የዚያ አባት ልጅ መሆኑን ወረቀት ላይ ማሳየት ያስፈልገው ጀመር። ባለ ርስቶቹ ቀደሙ፤ ደቡቡ ከሰሜኑ ቀደመ። በ1377፣ በ1379 እና በ1381 የተጣለው የነፍስ ወከፍ ግብር ተራውን ገበሬ ሳይቀር በስሙ መዝገብ ላይ አሰፈረው፤ የዛሬ ተመራማሪዎችም ያንን መዝገብ እንደ ወርቅ ይዘውታል። በ1400 ገደማ በብዙው የእንግሊዝ ክፍል ቅጽሉ ረግቶ የቤተሰብ ስም ሆኗል።

ይህ መርጋት ለኛም የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚወለድ የኢትዮጵያውያን ልጅ ሆስፒታል ውስጥ ቅጽ ሲሞላለት የአባቱ ሁለተኛ ስም፣ ማለትም የአያቱ ስም፣ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይጻፍለታል። ከዚያ ወዲያ የልጅ ልጁም በዚያው ይቀጥላል። ምናልባት ከ500 ዓመት በኋላ ሚኒሶታ ውስጥ በከበደ የሚጠሩ መቶ ሰዎች ይኖሩ ይሆናል፤ ያ ከበደ ማን እንደነበር ግን አንዳቸውም አያውቁም።

ወደ አተንቦሮ እንመለስ። ከመለያዎቹ መካከል ከቦታ የሚወጡት አንድ የተለየ ጠባይ አላቸው፦ የሚወጡት ቦታውን ለቅቆ ለሄደ ሰው ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ ማንም ሰው «ጎንደሬው» ተብሎ አይጠራም፤ ሁሉም ጎንደሬ ነውና። ጎንደሬው የሚባለው አዲስ አበባ ወይም ጅማ ሲገባ ነው። አንድ ሰው ከአተንቦሮ መንደር ወጥቶ ጎረቤት ቀበሌ ሲሰፍር፣ ያኔ ነው አዲሶቹ ጎረቤቶቹ አተንቦሮ ያሉት። ስለዚህ በቦታ የተጠራ ቤተሰብ ስሙን ያገኘው ከሀገሩ በመሄድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሩቅ አልሄደም። የአምሳ ኪሎ ሜትር መንገደኛ ስለ ትንሿ መንደሩ ስም ቢናገር የሚያውቀው የለም። ስሙ ትርጉም የሚኖረው የመንደሩ ስም እስከሚታወቅበት ርቀት ድረስ ነው፤ ምናልባት የግማሽ ቀን የእግር መንገድ።

መንደሩ ዛሬም አለ። ከኖቲንግሃም ከተማ ደቡብ ምዕራብ፣ ትሬንት በሚባለው ወንዝ አጠገብ ይገኛል። የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለው። በ1611 እዚያ የተወለደው ሄንሪ አይርተን ንጉሡን ድል የነሳው የጦር መሪ የኦሊቨር ክሮምዌል አማች (የልጁ ባል) ሆኖ የንጉሥ ቻርልስ 1ኛን የሞት ፍርድ ከፈረሙት አንዱ ነው፤ ከአተንቦሮዎቹ በፊት የመንደሩ ታዋቂ ሰው እሱ ነበር። የስሙ መጨረሻ በጥንታዊ እንግሊዝኛ የተመሸገ ስፍራ ማለት ነው፤ መጀመሪያው ደግሞ አዳ ከሚባል ሰው ስም የወጣ ነው። ባጭሩ የአዳ ምሽግ። ይህ አዳ ማን እንደነበር የሚነግረን ጽሑፍ የለም፤ ምሽጉም የለም፤ ስሙ ብቻ ነው የተረፈው።

ሆኖም ቃሉ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ «አተ» ወይም «አተን» ማለት «አጠገብ፣ ዘንድ» ማለት ነበር። አትዉድ ጫካው ዘንድ የሚኖረው፣ አትዌል ምንጩ ዘንድ የሚኖረው ነው። በዚህ መንገድ ከተነበበ አተንቦሮ «ምሽጉ ዘንድ የሚኖረው» ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝ ደግሞ ምሽግ የሞላባት አገር ናት። እንዲያ ከሆነ ስሙ በአሥር ቦታ ለአሥር የማይተዋወቁ ሰዎች ሊወጣ ይችል ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በአንደኛው ንባብ አተንቦሮዎች ሁሉ የአንድ መንደር ዘር ናቸው፤ በሁለተኛው ስም ብቻ የሚያገናኛቸው ባዕዳን ናቸው። መዝገበ ቃላት ብቻውን ይህን አይፈታም።

ካርታው ይረዳል። በ1881 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ስለገባ፣ ማንኛውም የእንግሊዝ ስም በዚያ ዓመት የት እንደነበር ማየት ይቻላል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ያንን ከ1998 የመራጮች መዝገብ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ካርታ ሠርተዋል። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ቁጥር ሳይሆን ጥግግት ነው መታየት ያለበት። ለንደን ትልቅ ስለሆነች የማንኛውም ስም ባለቤቶች ተቆጥረው ሲታዩ በብዛት እዚያ ይገኛሉ። ከሺህ ነዋሪ ስንቱ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን ስሙ ወደ ጎጆው ይመለሳል። የአተንቦሮ ጎጆ ኖቲንግሃምሻየር እና አጎራባቹ ደርቢሻየር ናቸው፤ መንደሩ ያለበት ጥግ ማለት ነው። አተንበሮው፣ አተንቦሮው እየተባሉ በመጠኑ ተለውጠው የሚጻፉት ዘመድ ስሞችም የሚገኙት እዚያው አካባቢ ነው። ጸሐፊው የሰማውን ይጽፋል፤ ባለ ስሙ ማንበብ አይችልም፤ ከዚያ በኋላ ስሕተቱ ይወረሳል።

ካርታ ከመሠራቱ በፊትም ይህን ያስተዋለ ሰው ነበር። ሄንሪ ብሩም ጋፒ የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝን ስሞች እንደ ዕፅዋት በየአውራጃቸው መደባቸው። ብልሃቱ የገበሬዎችን ስም ብቻ መውሰዱ ነው፤ ነጋዴው ይዞራል፣ ወታደሩ ይዘምታል፣ ገበሬው ግን ከመሬቱ አይነቃነቅም። አንዳንዱ ስም ከአንድ አውራጃ ወጥቶ እንደማያውቅ ያየው በዚህ መንገድ ነው።

የዚህ ሁሉ ምሳሌ የሰር ዴቪድ አባት ናቸው። ፍሬድሪክ አተንቦሮ የተወለዱት በ1887 ስቴፕልፈርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከስቴፕልፈርድ እስከ አተንቦሮ መንደር በቀጥታ ቢለካ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ። መቅሰፍቱ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ፣ ፋብሪካው፣ ባቡሩ ሁሉ አልፎ ስሙ ከተነሳበት የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ቆሞ ተገኘ። እኔ ይህን ስሰማ ከየትኛውም ካርታ በላይ አሳምኖኛል፤ ምንም እንኳ አንድ ሰው ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል ባውቅም።

ስሙ ለምን ጥቂት ሆኖ ቀረ? እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ዕጣ ይገባል። የቤተሰብ ስም የሚተላለፈው በወንድ ልጅ ነው፤ ሴት ልጆች ሲያገቡ የባል ስም ይወስዳሉ። ስለዚህ ስድስት ሴቶች ወልዶ ሁሉንም በወግ በማዕረግ የዳረ አባት ስሙ ከእሱ ጋር ያበቃል። እያንዳንዱ ሰው በአማካይ አንድ ወንድ ልጅ ለጋብቻ ያደርሳል እንበል። አማካይ ግን አማካይ ነው፤ አንዱ ሦስት ያደርሳል፣ አንዱ ምንም። ወንዶቹ በዘፈቀደ ቢከፋፈሉ፣ የየራሳቸው ስም ካላቸው 100 አባቶች መካከል የ37ቱ ስም በመጀመሪያው ትውልድ ይጠፋል። በሁለተኛው የጠፉት 53 ይደርሳሉ፣ በሦስተኛው 63። በሃያኛው ትውልድ ከ100 ስሞች አሥር እንኳ አይተርፉም፤ ጦርነትና ረሀብ ሳይጨመር፣ በዕጣ ብቻ። በ1348 የገባው ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ ደግሞ ከሕዝቡ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ሲያረግፍ ስሞች ገና መርጋታቸው ነበር።

ይህን ስሌት የጀመረው የዳርዊን ዘመድ ፍራንሲስ ጋልተን ነው። በ1873 «የታላላቅ ሰዎች ስም ለምን ይጠፋል?» የሚለውን ነገር የሒሳብ ጥያቄ አድርጎ በጋዜጣ አወጣው፤ ሄንሪ ዋትሰን የሚባል ቄስና የሒሳብ ሰው መለሰለት። ዋትሰን ሁሉም ስም ውሎ አድሮ ይጠፋል ብሎ ደመደመ። መንገዱ ትክክል ነበር፤ መደምደሚያው ላይ ግን ስሌቱን ስቷል፤ የሚያድግ ሕዝብ ውስጥ የሚተርፉ ስሞች ይኖራሉ። ጥያቄው ከስም አልፎ ዛሬ የወረርሽኝን መዛመትና የአቶም መሰንጠቅ ሰንሰለትን ለማስላት ያገለግላል።

ስለዚህ ጥቂት ሰዎች የሚጠሩበት ስም ሁሉ ከሞት የተረፈ ስም ነው። ብዙውን ጊዜም የተረፈው በአንድ ቀጭን የወንድ መሥመር ነው። ይህን መፈተሽ የሚቻልበት መንገድ የተገኘው በቅርቡ ነው፦ ወንድ ሁሉ ከአባቱ የሚወርሰው ዋይ የሚባል ክሮሞዞም አለ፤ እሱም እንደ እንግሊዝ የቤተሰብ ስም በወንድ መሥመር ብቻ ይተላለፋል። ሁለቱ አብረው ከተጓዙ፣ የአንድ መሥራች ዘሮች ስማቸውም ክሮሞዞማቸውም አንድ መሆን አለበት።

በ2000 የኦክስፎርዱ የዘረመል ሊቅ ብራያን ሳይክስ ይህን በራሳቸው ስም ሞከሩት። ሳይክስ በሰሜን እንግሊዝ ባለችው በዮርክሻየር ቋንቋ ትንሽ ወራጅ ውኃ ወይም ቦይ ማለት ነው፤ ቦይ የሌለበት ቦታ ስለሌለ መሥራቹ ብዙ ይሆናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። 48 ሳይክሶች ተመርምረው ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው አንድ ዓይነት ክሮሞዞም ተገኘባቸው። ከዚያ በኋላ ሥራውን በስፋት የያዙት በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ቱሪ ኪንግ እና ማርክ ጆብሊንግ ናቸው። በ2009 ባወጡት ጥናት 40 የብሪታንያ ስሞችን ይዘው 1,678 ወንዶችን አነጻጸሩ። ስሚዞች፣ እንደተጠበቀው፣ እርስ በርሳቸው ከመንገደኛ አይለዩም ነበር። አተንቦሮዎች ግን ከ100 ከ70 በላይ የሚሆኑት አንድ ዓይነት ወይም አንድ ዓይነት ለመሆን ጥቂት የቀረው ክሮሞዞም ነበራቸው።

እዚህ ላይ አንድ ግጥምጥሞሽ አለ። ስቴፕልፈርድ የተወለዱት ፍሬድሪክ አተንቦሮ በ1932 የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ፤ ልጆቻቸውም እዚያው ግቢ ውስጥ አደጉ። ኮሌጁ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ አሌክ ጄፍሪስ የዘረመል አሻራን በ1984 ያገኙት እዚያ ነው፤ አተንቦሮ የሚለውን ስም ከዘረመል ጋር ያስተያዩትም እዚያው። በግቢው 18 ፎቅ ያለው አተንቦሮ የሚባል ሕንፃ ቆሟል።

ታዲያ «ምሽጉ ዘንድ የሚኖረው» የሚለው ንባብ ወደቀ ማለት ነው? በጣም ተዳክሟል። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መሥራቾቹ አራት ወይም አምስት ሆነው ዕጣው የአንዱን ዘር ብቻ አስቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ያየነው ስሌት ይህን ይፈቅዳል። ዘረመሉ የሚናገረው ዛሬ የተረፉት ከአንድ አባት መሆናቸውን ነው፤ መጀመሪያ ስንት እንደነበሩ አይደለም። አባቱን ከመንደሩ ጋር የሚያስረው ካርታው ነው።

የቀሩትስ ከ100 ከ30 ያነሱት? የስምና የክሮሞዞም ክር የሚበጠስባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ጉዲፈቻ አለ፤ የእንጀራ አባት ስም መውሰድ አለ፤ ርስት ለመውረስ የሚስትን ቤተሰብ ስም መቀበል አለ፤ ያላገባች እናት ለልጇ የራሷን ስም መስጠት አለ፤ ሐሜተኛው ፈጥኖ የሚያስበውም አለ። በየትውልዱ ከ100 ሁለቱ ብቻ ቢበጠስ በ23 ትውልድ ውስጥ ከሲሶ በላይ ክሩ ተቆርጧል። ነገሥታቱም አልዳኑም። በ1485 በጦር ሜዳ የወደቀው ንጉሥ ሪቻርድ 3ኛ አጽሙ በ2012 ሌስተር ውስጥ ከመኪና ማቆሚያ ሥር ሲገኝ የዘረመል ምርመራውን የመሩት እኚሁ ቱሪ ኪንግ ነበሩ። በእናት በኩል ያለው መሥመር ገጠመ። በአባት በኩል የዘር ሐረግ መጽሐፍ ዘመዶቹ ናቸው ከሚላቸው አምስት በሕይወት ያሉ ወንዶች ግን አንዱም ከንጉሡ ጋር አልገጠመም፤ ከአምስቱም አንደኛው ከአራቱ ጋር አልገጠመም።

ከዚህ ሁሉ እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ስም ነው። ሬቪስ የሚባል ብዙ ሰው የማይጠራበት የዮርክሻየር ስም አለ። በ2007 እነዚሁ ተመራማሪዎች 18 ሬቪሶችን ሲመረምሩ በሰባቱ ላይ ከዚያ ቀደም በምዕራብ አፍሪካውያን ላይ ብቻ የታወቀ ክሮሞዞም አገኙ። ሰዎቹ መልካቸው ከማንኛውም የዮርክሻየር ገበሬ አይለይም፤ ስለ አፍሪካ በቤተሰባቸው ተወርቶ አያውቅም። የዘር ሐረጋቸው በመዝገብ ወደ ኋላ ሲቆጠር በ1780ዎቹ ዮርክሻየር ውስጥ ይደርሳል። አፍሪካዊው አባት ከሮማውያን ጦር ጋር የመጣ ወይም ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ በባሪያ ንግድ የተወሰደ ሰው ዘር ሊሆን ይችላል።

የሰዎቹ መልክ ለምን አልተለወጠም? ምክንያቱም ስምና ዋይ ክሮሞዞም የሚከተሉት አንድ ክር ብቻ ነው። ሽማግሌዎቻችን ጋብቻ ሲመጣ እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ የእናትንም የአባትንም ወገን ይቆጥራሉ፤ በሰባተኛው ቤት 128 ቅድመ አያቶች አሉ። የእንግሊዝ ስም ከነዚያ የሚያስታውሰው አንዱን ነው። በሃያኛው ትውልድ የቅድመ አያቶቹ ቦታ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል፤ አንዱ ብቻ አተንቦሮ ይባላል።

ዛሬ ስሙ ከትሬንት ዳር ርቆ ሄዷል። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ለንደን ውስጥ ሰዓትና ጌጥ በመያዣ ተቀብለው የሚያበድሩ ታዋቂ ሱቆች በር ላይ አተንቦሮ ተብሎ ይነበብ ነበር። ወደ አውስትራሊያ፣ ካናዳ እና አሜሪካ የተሻገሩም አሉ። ያም ሆኖ ጥግግቱ ያው ኖቲንግሃምና ደርቢ ነው።

መንደሩ ራሱ በ20ኛው መቶ ዘመን መልኩ ተለወጠ። ከወንዙ ዳር ለግንባታ የሚሆን ጠጠር ለዓመታት ሲቆፈር ጉድጓዶቹ ውኃ ሞሉ፤ ሸምበቆ በቀለባቸው፤ ወፎች ሰፈሩባቸው። ቦታው የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ሲሆን በ1966 መጥተው የመረቁት ዴቪድ አተንቦሮ ናቸው። «አተንቦሮ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ» የሚለውን ሰሌዳ የሚያነብ እንግዳ በእሳቸው ስም የተሰየመ ቢመስለው አይፈረድበትም።